በገዛ ቤቴ እንግዳ

ሰው በወርቅ ይቀናል፤ በባል ይቀናል፤ በሰው ጥርስ የሚቀናም አይቻለሁ። በደም ግፊት የቀናሁ ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ግፊቱማ እኛም ቤት አለ፤ ያውም ሞልቶ። የቀናሁት የሞጣ ሰው ግፊት ከቢቸና ሰው ግፊት በልጦ ሲከበር አይቼ ነው።

በአፌ ብትጠይቁኝ ይህን አልነግራችሁም ነበር። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ እንደ ታሰረ ጥጃ ባለችበት ትዞራለች። ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት በቤት ችግር ነው ይባላል፤ ችግሩም አልጠፋም። ነገር ግን ለሰባተኛ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወር ነበረብኝ፤ እዚያ ደግሞ አዲስ ገቢ ሁሉ እየተነሣ ስሙን ይናገራል ሲሉ ሰማሁ። ስሜን ከመናገር ጥልፍ መማር ቀለለኝ። አሁን አንድ ልብስ ሰፊ ቤት በረንዳ ላይ ቀሚስ እጠልፋለሁ። ለዓይነ አፋር ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም፤ አንገት ተደፍቶ የሚሠራ ነው። መንገደኛው "የዚች ልጅ ጨዋነት" እያለ ያልፋል። ቀና ብል መርፌው እንደሚወጋኝ አያውቅ።

የምኖረው እዚሁ ቢቸና ከእናቴ ጋር ነው። ግፊት እንዳለባት የታወቀው ጎረቤት ልታሳክም ጤና ጣቢያ ሄዳ ነው። ነርሷ "እማማ፣ እስቲ እርስዎም ይለኩ" ብትላት ይሉኝታ ይዟት ክንዷን ሰጠች፤ ክንድ ሰጥታ በሽታ ተቀብላ መጣች። በኋላ ነርሷ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ "ይህን ኪኒን በየቀኑ ካልዋጠች አንድ ቀን ይጥላታል" አለችኝ። መጣል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አጎቴ ከገበያ ሲመለስ ደጁ ላይ ወድቆ ግማሽ ጎኑ እስከ ዛሬ አልተነሣም። ነርሷ ከነገረችኝ ወዲህ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ጎንበስ ባለች ቁጥር ልቤ አብሯት ጎንበስ ይላል።

እናቴ ግን ኪኒን የምትውጠው ራሷን ሲያማት ብቻ ነው። ሳያማት መዋጥ ሳይርብ እንደ መብላት ነውር ይመስላታል። በጾም ደግሞ ጠዋት ከተዋጠ ጾሙ ተገደፈ። ጠበል ከጀመረች ሁለቱን ማጋጨት አይሆንም። ጾሙም ጠበሉም ሲያልፍ "አሁንማ ተሽሎኛል" ትላለች። ኪኒኑ ከነፌስታሉ ሣጥን ውስጥ እንደ ሰርግ ልብስ ተቀምጧል።

"እማ፣ ዋጥሽ?" ስላት፣

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ነኝ የወለድሁሽ አንቺ ነሽ የወለድሽኝ?" ትለኛለች። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

አሁን ወደ ቅናቴ ልምጣ። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ሞጣ ነው ያገባችው። ልጇ የሺ ትባላለች። እኔና እሷ በአንድ ዓመት ተወለድን፤ ከዚያ ወዲህ እኔ የየሺ ማወዳደሪያ ነኝ። የሺ ቆማ ስትሄድ እኔ እድህ ነበር አሉ። የሺ አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። የየሺ ሳቅ ቤት ይሞላል፤ የእኔ ሳቅ አፌ ላይ ከያዝሁት እጅ አያልፍም። እናቴ ክፋት የላትም፤ ግን ሽሮው ቢቀጥንም ወጡ ቢጎረናም "የእህቴ ልጅ ብትሆን" ሳትል አትውልም።

አንድ ቀን ግፊትና ስኳር ያለበት ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። እናቴን ይዤ ሄድሁ፤ ከኋላዋ ተቀመጥሁ። አንድ ወጣት ዶክተርና አንዲት ፈረንጅ ሴት መጥተዋል። ዶክተሩ ተነሥቶ፣ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች አንድ ላይ ሆነው እንደሚሠሩ ነገረን። ጥያቄያቸው በድሃ አገር የቆየ በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ ምን ይረዳዋል የሚል ነው። በአንዱ ከተማ የሠለጠነች ሴት በሽተኛውን ቤቱ ድረስ እየሄደች ትጎበኛለች፣ ትለካለች፣ ታስታውሳለች። በሌላው ከተማ ሁሉም እንደ ወትሮው ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ይወዳደራሉ፤ ጉብኝቱ የጠቀመ እንደሆነ ወደ ሌላውም ከተማ፣ ወደ ሌላውም ድሃ አገር ይሰፋል።

"የሚጎበኘው ሞጣ ነው" አለ ዶክተሩ። "ቢቸና ማወዳደሪያ ናት።"

በሰማሁት ጊዜ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተቃጠለ። ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን ማወዳደሪያ ሆኜ ኖሬ ኖሬ፣ ይኸው ከተማዬን ሙሉ አስከትዬ ገባሁ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ መሪጌታ እጃቸውን አወጡ። "ሞጣን ማን መረጣት?"

"ዕጣ ነው አባባ። ኮምፒውተር ነው ያወጣው።"

"ኮምፒውተሩ ትውልዱ የት ነው?"

አዳራሹ ሳቀ። ለፈረንጇ ተተረጎመላት፤ እሷ አልሳቀችም፤ ጻፈችው።

ሳምንታት አለፉና አክስቴ ከሞጣ ደወለች። እናቴ ስልክ ስታነሣ ድምፁን ለሰፈሩ ከፍታ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ሽንኩርት ልትበደር መጥታ አብራን ሰማች።

"የሺ ሥራ ያዘች" አለች አክስቴ።

"እሰይ! ምን ሥራ?"

"በሽተኛ መጎብኘት። ያ የፈረንጆቹ።"

እትዬ ዘነቡ ሽንኩርቷን እንደያዘች፣ "በመጎብኘት ደመወዝ አለው እንዴ? እኔ ዕድሜዬን በነጻ ስጎበኝ ኖርሁ" አለች።

እናቴ ደስታዋን የምትገልጥበት አጥታ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ እንድል ማር አስይዛ ሞጣ ሰደደችኝ። ማሩን ጭኔ ላይ አቅፌ በኮረኮንቹ እየነጠርሁ በደብረ ወርቅ በኩል ሄድሁ። ማር ይዤ ሬት እየዋጥሁ የሄድሁ እኔ ነኝ።

የሺ ሥራ ላይ ስለነበረች ተከትያት ዋልሁ። ቦርሳ አላት። ጃንጥላ አላት። ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በራሱ እየነፋ የሚጠብቅ፣ ቁጥሩን በመስታወት የሚያሳይ መለኪያ አላት። በየደጁ ቆማ "ቤቶች!" ስትል ከውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል። አንድ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ደንበኛ ጥለው ተነሡላት። "ዶክተርዬ፣ ግቢ ግቢ" አሉ፤ ኪኒናቸውን ራሳቸው አውጥተው ፊቷ ዋጡና እንደተመረቀ ልጅ እሷን አዩ።

"ይቺስ ማናት?" አሉ ወደ እኔ።

"የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከቢቸና" አለች የሺ።

"አይ፣ እዚያ እንኳ አይጎበኝም አሉ" ብለው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ከዚያ ከንፈር መምጠጥ ዱላ ይሻለኝ ነበር።

ማታ፣ የሺ እግሯን ስትታጠብ፣ አክስቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። አክስቴም ግፊት አለባት። ትራሷን ስታስተካክል ከሥሩ ኪኒን ዘርዘር ብሎ ወደቀ።

"አክስቴ፣ አትውጭም እንዴ?"

"ዝም በይ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ማን ጎብኝቶኝ? የኔ ልጅ የሰው እናት ስትጎበኝ ውላ ትመጣለች። እኔን ምጣድ ጥዳ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ 'ዋጥሽ?' ትለኛለች። ዋጥሁ እላለሁ። ቤተኛን ማን ይፈራል? እንደ እንግዳ በሩን አንኳኩታ ብትገባ ኖሮ እምቢ እላት ነበር? እንግዳ እምቢ አይባልም፤ ነውር ነው።"

ቅናቴ ያን ጊዜ ጆሮዋን አቆመች። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣልኝ የእናቴ ጤና አልነበረም፤ የሺ የማትችለው አንድ ነገር አለ የሚለው ነው። አክስቴን አሮጌ ጃንጥላ ለመንኋት። አንድ ዘንጉ ተሰብሮ በአንድ ጎኑ ያነክስ ነበር፤ ሰጠችኝ።

ቢቸና በገባሁ ማግስት ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጃንጥላዬን ይዤ፣ በጓሮ ወጣሁ። በአጥሩ ዞሬ ወደ ፊት ለፊት መጣሁና የገዛ ቤቴን በር አንኳኳሁ።

"ቤቶች!"

"ማነው?" አለች እናቴ ከውስጥ።

መልሱን አላሰብሁበትም ነበር። "እንግዳ" አልሁ።

በሩ ተከፈተ። እናቴ አየችኝ፤ ጃንጥላውን አየችው፤ ሰማዩን አየች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

"ቁልፍ ጠፋብሽ?"

"እንደምን ዋሉ፣ እማማ?" አልሁ። እናቴን አንቱ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ሁለታችንም ደነገጥን። ግን አንቱታ የተባለ ነገር ጉድ ነው፤ ሰው ሲጠራበት ወገቡ ይቃናል። እናቴ ሻሿን አስተካከለች።

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ።"

ገባሁ። ዱካ አቀረበችልኝ። በዚያ ዱካ ላይ ዕድሜዬን ስቀመጥ ማንም አቅርቦልኝ አያውቅም። ቆሎ መጣ። ቆሎውን ዘግኜ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ የየሺን ቃል በልቤ እየደገምሁ፣ "ኪኒንዎን ወስደዋል?" አልኋት።

እንግዳን መዋሸት ከበዳት፤ እንግዳን እምቢ ማለትም ከበዳት። ሣጥኑን ከፈተች። እኔ ውኃ ያዝሁላት። ዋጠች።

"ነገም ይመጣሉ?" አለችኝ ስትሸኘኝ። ሸኘችኝ እንጂ፤ እስከ አጥሩ። እኔም በጓሮ ገብቼ እራት ሠራሁ።

እንዲህ እያልን ከረምን። በጾም ወራት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እየመጣሁ ከምግቧ ጋር አዋጥኋት፤ ጤና ጣቢያም ጠይቄ ችግር የለውም ብለውኝ ነበር። አንድ ቀን ግን እናቴ አኮረፈች።

"የየሺዋ ትለካለች አሉ።"

"መለኪያ የለኝማ፣ እማማ።"

"ታዲያ ምን ጉብኝት ነው?"

የልብስ መለኪያ ሜትሬ እንደ ወትሮው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ሌላ ምን ላድርግ? ክንዷ ላይ ጠመጠምሁት።

"ስንት ሆነ?"

"ለእጅጌ የሚበቃ ነው" አልሁ።

ግፊት በሜትር እንደማይለካ እናቴ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ክንዷን የያዘላት ሰው ሲኖር ግን ፊቷ ይፈታል። ለእውነተኛው ልክማ በቀጠሮዋ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ።

ይህ ሁሉ ከእትዬ ዘነቡ ዓይን አልተሰወረም። አጥራችን አጥር የሚባል በስሙ ነው። አንድ ማለዳ መንገድ ላይ ያዘችኝ።

"አንቺ፣ በየቀኑ በጓሮ እየወጣሽ በፊት የምትገቢው እብደት ነው ወይስ ስለት?"

ነገርኋት። "እና ለእናትሽ ብቻ ነው? እኔ ምን በደልሁ?"

"እትዬ ዘነቡ፣ አንቺ ግፊት የለብሽማ።"

በበነጋው ጤና ጣቢያ ሄዳ ተለክታ መጣች። "ተገኘብኝ" አለች፤ ወንድ ልጅ ተወለደልኝ በሚባልበት ድምፅ። ሰፈሩ ሲሰማ ተከትሏት ሊለካ ወጣ። የተገኘባቸው ደረታቸውን ነፍተው ተመለሱ። ምንም የሌለባት አንዲት ጎረቤታችን ሳምንት ሙሉ አኩርፋ ሰላም ነሳችን።

እንግዲህ ሰው ፊት ስሟን መናገር ፈርታ ትምህርት የጣለች ልጅ፣ በየሰው ቤት "ቤቶች!" እያለች ክንድም በሜትር እየለካች ትዞር ጀመር። ድምፄ እስከ ጓዳው ስለማይደርስ በጃንጥላዬ እጀታ በሩን እደበድባለሁ። በየቤቱ ደግሞ ሳይበሉ መውጣት የለም። እትዬ ዘነቡ ዘንድ ጨው ይቀንሱ የምለው በጨው የታጠበ ሽንብራ ጎርሼ ነው።

"እሺ ልጄ፣ እቀንሳለሁ" ትላለች። "አሁን ግን ይቺን በሞቴ።"

በሞቷ ጎረስሁ። ኪኒኗንም በሞቴ ብዬ አዋጥኋት። ሰውነቴ ወፈረ፤ የቀሚሴን ጎን በገዛ ሜትሬ ለክቼ ለቀቅሁት።

ይህ ወሬ በእናቴ ስልክ ሞጣ ገባ። የሺ ለብቻዋ ደወለችልኝ። የሺ ለእኔ ደውላ አታውቅም።

"አንቺ፣ እናቴን ምን አልሻት?"

"ምነው?"

"'የእህቴ ልጅ እያንኳኳች ትገባለች፣ አንቺ ግን' እያለች ገደለችኝ። የእህቴ ልጅ ብትሆን፣ የእህቴ ልጅ ብትሆን፤ ሌላ ወሬ የለም። ስታንኳኪ ምን ብለሽ ነው የምትገቢ?"

እስኪ ፍረዱኝ፤ ያን ቀን እንዴት ያለ እንቅልፍ እንደተኛሁ። ቃሉን ግን አልደበቅኋትም፤ የአክስቴ ኪኒን ከትራሱ ሥር ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ጃንጥላው ያነከሰ ቢሆን ይመረጣል ብቻ አልኋት።

የማወዳደሪያው ቀን ደረሰ። ዶክተሩና ፈረንጇ መጡ፤ የቢቸና በሽተኛ ሁሉ በጤና ጣቢያው ግቢ ተሰልፎ ተለካ። እኔ ከእናቴ ኋላ ነኝ። ዶክተሩ የመጡትን ቁጥሮች ያይና ግንባሩን ያሻል። መጨረሻ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀ።

"እዚህ ሌላ ፕሮጀክት ገብቷል? ቤታችሁ እየመጣ መድኃኒት የሚያስታውሳችሁ ሰው ነበር?"

ሰፈሩ በሙሉ፣ አንዱ አንዱን ሳያይ፣ "የለም" አለ። ጎብኚ አላችሁ ከተባለ ዋናዋ ጎብኚ ትቀርብናለች ብለው ነው።

ተራው የእትዬ ዘነቡ ሆነ። ነርሷ መለኪያውን ክንዷ ላይ አሰረችው፤ ነፋ። እትዬ ዘነቡ ፊቷን አጨማድዳ፣ "ቀስ በይ እንጂ ልጄ" አለች። "የኛዋ እንዲህ አታጠብቅም።"

ዶክተሩ ከቁጥሮቹ ላይ ቀና አለ።

"የእናንተዋ ማን ናት?" አለ ዶክተሩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መሬት። መሬት ግን ተከፍታ ሰው የምትውጠው በተረት ነው።

"በምን ነበር የምትለኪያቸው?"

ሜትሩን ከአንገቴ አውርጄ ሰጠሁት። ፈረንጇ ተቀበለችውና አገላብጣ አየችው፤ ሲተረጎምላት አፏን በእጇ ያዘች። ልክ እንደ እኔ ነው የሳቀችው። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋና ከዶክተሩ ጋር በዝግታ ተነጋገሩ። ዶክተሩ ወደ እኔ መለስ ብሎ፣ ሳይቆጣ፣ "እህቴ፣ ማወዳደሪያዋ እኮ እንዳለች መቆየት ነበረባት" አለኝ። "አሁን ሞጣን ከምን ጋር እናወዳድር?"

ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ድሃ አገሮች ታዩኝ፤ ሁሉም ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጎብኚ ሲጠብቁ። በእኔ ቅናት ቀረባቸው።

እናቴ ከፊቴ ቆመች። "ልጄ ምን አጠፋች? ራሷ ቤት እኮ ነው የገባች።"

"እማማ፣ ራሷ ቤት ከሆነ ለምን ዞራ ታንኳኳለች?"

"ልጄን እምቢ ማለት እችላለሁ" አለች እናቴ፤ ይህም ጥያቄ ሆኖ እንደሆን እየገረማት። "እንግዳ ግን እንዴት እምቢ ይባላል?"

ለፈረንጇ ተተረጎመላት። ጻፈችው፤ ያውም ብዙ ጻፈች።

ነርሷ እናቴን ለክታ "ወርዷል፣ እማማ። ደህና ነው" አለቻት። ግቢው መሐል አለቀስሁ። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "የሺ ብትሆን ከዚህም በወረደ" አለች። እንባዬ እዚያው ደረቀ።

ኋላ፣ ማወዳደሪያነታችን ፈርሷልና፣ ፕሮጀክቱ ወደ ቢቸናም ሰፋ። ዶክተሩ ስለ እኔ ሳይጠይቅ አልቀረም፤ ግን ለሥራው አሥረኛ ክፍል መጨረስ ግድ ነው ተባለ። ስመኝ የምትባል ጎበዝ ልጅ ተቀጠረች። ቦርሳ አላት። ጃንጥላዋ አያነክስም። መለኪያዋ በራሱ ይነፋል። ስንገናኝ "አይዞሽ እህቴ፣ ከእንግዲህ ዕረፊ" አለችኝ፤ ዕረፊ ከሚለው ቃል የከፋ ስድብ እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

እኛ ቤት የመጣች ቀን ጓዳ ገብቼ በግድግዳው ስንጥቅ አየኋት። እናቴ ዱካ አቀረበችላት፤ የእኔን ዱካ። ቆሎ ሰጠቻት፤ የእኔን ቆሎ። ስመኝም ክንዷን ለካቻት፤ ቁጥሩ በመስታወቱ ሲወጣ እናቴ "እንዴት ያምራል" አለች። ጓዳ ውስጥ ጥርሴን ነክሼ ያልረገምሁት የኤሌክትሪክ ዕቃ የለም።

"ኪኒንዎን ወስደዋል፣ እማማ?" አለች ስመኝ።

"አልወሰድሁም።"

"እንግዲያው አሁን እኔ ፊት ይውሰዱልኛ።"

"ቆይ ልጄ፣ አትቸኩዪ" አለች እናቴ፤ በሩን በሩን እያየች። "እንግዳዬ ገና አልመጣችም።"

ጃንጥላዬን ከማገሩ ላይ አወረድሁ። በጓሮ ወጣሁ፤ በአጥሩ ዞርሁ፤ አንኳኳሁ። "ቤቶች!" አልሁ፤ ድምፄ እስከ እትዬ ዘነቡ ቤት ተሰማ አሉ።

"ይግቡ፣ ይግቡ" አለች እናቴ። ስመኝን ከዱካው ፈቀቅ አድርጋ ለእኔ ቦታ አበጀች፤ ሣጥኑን ከፈተች፤ ከእጄ ውኃ ተቀብላ ዋጠች።

ቀና ብዬ የስመኝን ፊት አየሁት። ሰው ፊት ቀና ብዬ የማይ ሰው አይደለሁም፤ ያን ፊት ግን አውቀዋለሁ፤ ማር ይዤ ሞጣ የሄድሁበት ፊት ነው።